የመሴር ላታንዚዮ ፊት

ሊቁ መሴር ላታንዚዮ ሳይሞት ቀረ። ንዳዱ አርባ ቀን ሲያንቀጠቅጠው ከረመ፤ ደቀ መዛሙርቱ ደጁ ላይ ተራ ገብተው አለቀሱለት፤ ሁለቱማ የሙሾ ግጥሙን በላቲን ጽፈው ጨርሰው ነበር፣ የቀራቸው ቀኑን መሙላት ብቻ ነው። በአርባ አንደኛው ቀን ላብ አጠመቀውና ተነሥቶ ሾርባ ጠየቀ።

«ንዳዱ ቀምሶ ተፋው» አለች ድያኖራ ወሬውን ስትሰማ።

«አፍሽን ያዢ!» አለ አጎቷ ናስታጆ። «ታሞ ሳለ ለእመቤታችን ተስሏል። ቁመቱን የሚያህል የሰም ምስል ሊያስገባ ነው። ማን ዘንድ የሚያሠራ ይመስልሻል? በፍሎረንስ ከተማ ስንት ሰም ቀራጭ እያለ፣ እኛ ዘንድ!»

«ርካሽ ስለሆንን ነው።»

«ወይ አንቺን የሚያገባ ሰው...»

«ማንም አላገባኝም፣ አጎቴ። ለሱ አታስብለት።»

ናስታጆ ሊቆጣት ፈለገና ተወው። ከሁለት ዓመት ወዲህ እጁ እንደ ቅጠል ይርገበገባል፤ የጋለ ብረት ይዞ ሰም ላይ ሽፋሽፍት የሚያወጣ እጅ በዚያ ሱቅ ውስጥ የቀረው የእህቱ ልጅ እጅ ብቻ ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የሱ ነው። ከእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በገመድ የተንጠለጠሉት የሰም መኳንንትና ነጋዴዎች፣ የገዛ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እውነተኛ ጸጉር ተተክሎላቸው፣ ምእመኑን ቁልቁል የሚያዩት ድያኖራ በሠራችላቸው ዓይን ነው፤ ሰው የሚያመሰግነው ደግሞ ናስታጆን።

ድያኖራ በቀላሉ የምትጸየፍ ሴት አልነበረችም። ከሆስፒታል የሚመጣውን የሙታን ጸጉር በሳሙና አጥባ፣ ቅማሉን ለቅማ፣ አንድ በአንድ በመርፌ ሰሙ ላይ ትተክላለች። ማሰሮው ውስጥ የወደቀውን ዝንብ በጣቷ ታወጣለች። ቅርጹን ልትወስድ የሬሳ ፊት ላይ ጀሶ አፍስሳ ታውቃለች፤ ሬሳ አይመካም፣ ጉንጭ አይቆነጥጥም፣ የሰው ነገር አይሰርቅም። የመሴር ላታንዚዮ ስም በተነሣ ቁጥር ግን የበላችው እስከ ጉሮሮዋ ይወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንበብ ያስተማራት ሰው የለም። ሱቁ ለሻማ መጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ወረቀት በቅርጫት ይገዛል፤ የተቀደደ ስብከት፣ የሟች ጠበቃ ደብዳቤ፣ አይጥ የቀመሰው የትምህርት ቤት መጽሐፍ። ከዚያ ቅርጫት ውስጥ ነው ፊደሉን የለቀመችው፤ ላቲኑንም ቁራሽ በቁራሽ፣ የዚህን ገጽ ጅራት ከዚያኛው ገጽ ራስ ጋር እየገጣጠመች። በሃያ ሁለት ዓመቷ የራሷን ጻፈች። ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ነው፤ አንዲት ሰም ሠሪ ሴትና አንድ ሊቅ ስለ ሰው ፊት ሲከራከሩበት፣ ሴቲቱ ትረታለች። ያንን ደብተር ነበር እንዲያነብላት ለመሴር ላታንዚዮ የሰጠችው። እሱ መልካም ነው ያለውን ከተማው ሁሉ መልካም ነው ይላላ! ግልባጭ አልነበራትም። ወረቀት የሚገዛው ለሻማ እንጂ ለእሷ አይደለም።

አሥራ አንድ ወር ዝም አለ። ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዳ ሦስት ጊዜ አሽከር መለሳት። አንድ ሰኞ ጠዋት ከማተሚያ ቤት ቀለም የፈሰሰባቸው የተበላሹ ገጾች በቅርጫት መጡ። አንዱን አንሥታ ሻማ ልትጠቀልልበት ስትል ዓይኗ አረፈበት። «የሰው ፊት ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንዴ በእናቱ ማኅፀን፣ አንዴም ሰው እያየኝ ነው ብሎ ባሰበ ቁጥር።» ቃሉ የእሷ ነው። ከገጹ አናት ላይ ግን የመሴር ላታንዚዮ ስም ተቀምጧል። ሰም ሠሪዋ ሴት የለችም፤ በቦታዋ አንድ የጥንት ግሪካዊ ቀራጭ ቆሟል። ያ የጥንት ግሪካዊ ደግሞ፣ ኀፍረት የሚባል ሳይዘው፣ ሰም ሲወደድበት ሲሶውን የበሬ ሞራ እንደሚቀላቅልበት ይናገራል። የናስታጆ ማጭበርበሪያ! ሊቁ በዕድሜው ሰም ነክቶ ስለማያውቅ የጥበብ ምሥጢር መስሎት እንዳለ ገልብጦታል።

ድያኖራ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ወጥታ የሱቁ ግድግዳ ሥር አስመለሳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ደብተሯን። ደብተሩ ከሌለ ለማንም ብትናገር «ከመጽሐፋቸው አንብበሽ ነው» ይሏታል። ደብተሩ በእጇ ከገባ ግን የእጅ ጽሑፏ አለ፣ የጻፈችበት ዓመት አለ፣ በላዩ የተንጠባጠበ የሱቁ ሰም አለ።

መሴር ላታንዚዮ ረቡዕ ጠዋት መጣ፣ ቴባልዶ የሚባል ደቀ መዝሙሩን አስከትሎ። ቴባልዶ የመምህሩን ቀይ ካባ ጫፍ ከጭቃ ያነሣል፣ መምህሩ ቀልዱን ሳይጨርስ ይስቃል፣ መምህሩ ሲያስል የራሱን ደረት ይይዛል። ሊቁ ከመንገዱ ጥግ ከጨጓራ ሻጯ ከሞና ላፓ የገዛውን ጨጓራ በዳቦ እየበላ ነው የገባው። መረቁ እስከ ክርኑ ወርዷል። ጣቶቹን አንድ በአንድ መጠጣቸው፤ በመጠጣቸው ጣቶችም የድያኖራን ጉንጭ ቆነጠጠ።

«ይቺ ናት የምታነበው የእህትህ ልጅ፣ ናስታጆ? ቆንጆ ናት እኮ! ታዲያ ምን አስነበባት?»

ቴባልዶ ሳቀ።

«መሴር፣» አለች ጉንጯን በክንዷ እየጠረገች፣ «ደብተሬን ልወስድ ሦስት ጊዜ በርዎ ላይ ቆሜያለሁ።»

«የምን ደብተር?»

«ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል። ስለ ሰው ፊት የጻፍኩት።»

«አሃ...» ጥርሱ መሀል የገባውን በብር ስንጥር እየጎረጎረ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ያወጣውን ተመለከተውና መልሶ ዋጠው። «ልጄ፣ ለእኔ የማይጽፍ ማን አለ? መነኩሴው ይጽፋል፣ የፈረስ ጫማ ሠሪው ይጽፋል። የሁሉን አንብቤ መቼ ልኖር ነው?»

«የእኔን እንኳ በደንብ ነው ያነበቡት።»

ናስታጆ እግሯን ረገጣት። ቴባልዶ ግን ነገሩ አልገባውም፤ «ስለ ፊት ማወቅ ከፈለግሽ የመምህሬን መጽሐፍ አንብቢ!» አላት በርኅራኄ።

«አንብቤዋለሁ» አለች። «ከመታተሙ በፊት።»

መሴር ላታንዚዮ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ከዚያ ሆዱን እየደባበሰ ፊቱ እንዲቀረጽ የት እንደሚተኛ ጠየቀ።

ወሬኛ ባለበት ጀሶ አይፈስም፤ የተኛው ሰው ከሳቀ ቅርጹ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ናስታጆ ቴባልዶን ጸጉር ሊያስመርጠው ወደ ጓዳ ወሰደው፤ ድያኖራ ከሊቁ ጋር ብቻዋን ቀረች። ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተጋደመ። ሚስክ የሚባል ሽቶ ተቀብቷል፤ ከሚስኩ ሥር የአርባ ቀን ላብ አለ፣ ከላቡ ሥር ነጭ ሽንኩርት። አፉ ዙሪያ ንዳዱ የተወው ቁስል ቅርፊት ይዟል፤ በቅርፊቱ ጠርዝ የጨጓራው ስብ ረግቷል። የአፍንጫው ጸጉር ከላይኛው ከንፈሩ ጋር ሊገናኝ ትንሽ ነው የቀረው። የአሳማ ስብ በመዳፏ አሙቃ ጉንጩን፣ አገጩን፣ የአንገቱን እጥፋቶች ቀባችው። እጥፋቶቹ ውስጥ ያለው እድፍ ጥቁር ክር እየሆነ ጣቷን ተከትሎ መጣ። ስታጎነብስ ስላቅለሸለሻት ፊቷን አዞረች፤ እዚያው ላይ ቅንድቡን መቀባት ረሳች። በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ረስታ አታውቅም።

ሁለት የሸምበቆ ቀሰሞች አፍንጫው ውስጥ ሰካችለት።

«በነዚህ ይተነፍሳሉ። ዓይንዎን ይጨፍኑ። አፍዎንም ይዝጉ፤ ይሄኛው እንኳ ይከብድዎታል።»

ጀሶውን አፈሰሰችበት። ለብ ያለ ነበር፤ ቀስ እያለ ይከብዳል። በጥቂቱ ሊቁ ጠፍቶ ሁለት ቀሰሞች የተተከሉበት ነጭ ጉብታ ብቻ ቀረ። እስኪደርቅ ሠላሳ «አባታችን ሆይ» ያህል ይፈጃል። ድያኖራ በርጩማ ስባ ጆሮው አጠገብ ተቀመጠች።

«መሴር፣ ይሰሙኛል? አንድ ጣት አዎ ማለት ነው፣ ሁለት ጣት አይደለም ማለት ነው።»

አንድ ጣት ተነሣ።

«ደብተሬ አንተ ጋ ነው?»

በሕይወቷ አንተ ያለችው ሊቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ምላሷን ምንም አልከበዳትም። ጣቱ ግን አልተነሣም። ቀሰሞቹ አፏጩ።

«የጠየቅኩህ እኮ ቀላል ነው።»

ሁለት ጣት።

«ውሸታም። ሞራውን ታዲያ ግሪኩ ከየት አመጣው? ያ የአጎቴ ሌብነት ነው። አቴንስ ድረስ ማን አደረሰለት?»

እስትንፋሱ ፈጠነ። ከግራው ቀሰም ጫፍ ላይ የንፍጥ አረፋ ብቅ አለ፤ አበጠ፣ አንጸባረቀ፣ ፈነዳ። ድያኖራ ቀሰሙ ተደፍኖ ሰውየው እንዳይታፈን በጨርቅ ልትጠርገው እጇን ስትሰድ፣ እሱ ልትደፍንበት መሰለው። እግሮቹ ጠረጴዛውን ደበደቡት።

«አትንፈራገጥ! አልገድልህም። ብገድልህ ላጥብህ ነው፤ አንዴ ነክቼህ በቅቶኛል። ደብተሩ አለ ወይ?»

አንድ ጣት። ወዲያው፣ እየተንቀጠቀጠ።

«አላቃጠልከውም?»

ሁለት ጣት፤ ግራ ገብቶት መልሶ አንድ ጣት።

«ቤትህ ነው?»

አንድ ጣት።

«እሺ። የመጨረሻዋን ልጠይቅህ። የጻፈው ማነው? እኔ ነኝ?»

ጣቶቹ ወደ ላይ ተነሥተው በአየር ላይ ቆሙ። አንድም አልሆኑ፣ ሁለትም አልሆኑ። ከዚያ ተጨማደው ጭብጥ ሆኑ። ጀሶው ላይ ባሳረፈችው መዳፏ ከሥሩ ፊቱ ሲኮማተር ተሰማት፤ እንደተኮማተረ ጀሶው ደረቀ።

ቅርጹን ስታላቅቀው ሁለቱም ቅንድቦቹ አብረው ተነቀሉ። ጩኸቱን ሰምተው ናስታጆና ቴባልዶ ሮጠው መጡ። መሴር ላታንዚዮ ግንባሩ እንደ ተነጨ ዶሮ ቀልቶ ተቀምጧል፤ አፉን ከፈተ፣ ድያኖራን አየ፣ ዘጋው። ምን ተጠይቄ ነበር ሊል ነው? የካባውን ቆብ እስከ አፍንጫው ጎትቶ ወጣ።

«ቅንድብ ሳይቀባ!» አለ ናስታጆ ራሱን ይዞ። «ጀማሪ እንኳ የማያደርገውን!»

«አቅለሸለሸኝ።»

«ሬሳ አያቅለሸልሽሽ! ምን ልበልሽ?»

«ሬሳ ንጹሕ ነው፣ አጎቴ።»

ሰሙን ሐሙስ ዕለት ቅርጹ ውስጥ አፈሰሰችው፤ ዓርብ ጠዋት ፊቱ ወጣ። ምንም የቀረ የለም። የቁስሉ ቅርፊት አለ፣ የአንገቱ እጥፋት አለ። ከዚያ በላይ ግን ዓይኖቹ ተጨፍነው ተጨምድደዋል፣ ጉንጮቹ ወደ ላይ ሸሽተዋል፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ተውጧል፣ አገጩ ሊያለቅስ እንደ ደረሰ ሕፃን ተሸብሽቧል። ድያኖራ የቆዳውን ቀለም ቀባችው፣ ቅንድቡንና ጸጉሩን ተከለችለት፣ ከዚያ በላይ አልነካችውም። ቀይ ካባ በለበሰ የሰም ገላ ላይ ተክላ መስኮቱ አጠገብ አቆመችው።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ቴባልዶ ከመምህሩ ቀድሞ ገባና ተንበረከከ።

«ፈሪሃ እግዚአብሔር!» አለ እንባው እየመጣ። «ይሄ የሚጸልይ ነፍስ ነው!»

መሴር ላታንዚዮ ከኋላው ገብቶ ምስሉን ባየ ጊዜ በር ላይ ደርቆ ቀረ። በዚያው ቅጽበት ሞና ላፓ ጭልፋዋን እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ አለች።

«እንዴ! ይሄን ሰውዬ ምን ሲሰርቅ ያዛችሁት?»

«ሞና ላፓ፣ መሴር ላታንዚዮ እኮ ናቸው» አለች ድያኖራ።

«ውይ ውይ! ይቅርታ መሴር፣ አላወቅኩዎትም። እኔማ ባለፈው ራሱን ድስቴ ውስጥ ከትቶ የያዝኩት ድመት ነው የመሰለኝ። ፊቱ ቁርጥ እንዲህ ነበር!»

መንገድ ላይ የቆሙት ሳቁ። ሌላም ራስ በመስኮቱ ገባ፤ ሌላም። መሴር ላታንዚዮ ጸጉር የሌለበት ግንባሩ እንደ ጀሶ ነጣ።

«አስተካክሉት!» አለ። «እሑድ በዓል ነው። ከተማው ሁሉ ቀና ብሎ ሊያየኝ ነው!»

«ጀሶው የያዘው ይሄንን ነው፣ መሴር» አለች። «ካልወደዱት እንደገና ይተኙልኝ።»

«እዚያ ጠረጴዛ ላይ? እኔ?» ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የቴባልዶን እግር ረገጠ።

«እንግዲያው በጋለ ብረት ይለሰልሳል» አለ ናስታጆ ፈጥኖ። «ቀላል ነው። ድያኖራ፣ ብረቱን እሳት ውስጥ ክተቺ።»

ድያኖራ ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ታንቀጠቅጣቸው ጀመር።

«ምን ይሻላል፣ አጎቴ? እጄ እምቢ አለኝ። የቤተሰብ በሽታ ነው።»

ናስታጆ እጆቿን ሊይዛቸው ተንደረደረ። መሴር ላታንዚዮ ግን ዋጋው ደብተሩ መሆኑን ተረዳ። የእጆቿን መንቀጥቀጥ አየ፣ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ራሶች አየ፣ ካባውን ሰብስቦ ወጣ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ መንገደኛው ከሙቀቱ ሸሽቶ በተሸሸገበት ሰዓት፣ ብቻውን መጣ። ደብተሩን ከካባው ሥር አውጥቶ ገበታው ላይ ወረወረው።

«ይኸው። ምንም የማይረባ ነገር ነው፣ ልጄ። ሐሳቡ ጥሬ ነበር፤ እኔ ባላበስለው ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።»

ድያኖራ ቅጠሎቹን ቆጠረች፤ ሠላሳ ሁለት። ከዚያ ገለጠች። ሦስተኛው ገጽ ላይ የወይን ብርጭቆ ክብ ተቀምጧል። አምስተኛው ላይ አውራ ጣት፣ በስብ፤ የጣቱ መስመር አንድ በአንድ ይታያል። ዘጠነኛው ገጽ ከአሥረኛው ጋር በሆነ ደረቅ ነገር ተጣብቋል፤ ምን እንደሆነ መገመት አልፈለገችም። ሰም ሠሪዋ ሴት በተናገረችበት ቦታ ሁሉ ሴቲቱ በወፍራም ቀለም ተሰርዛለች። ስለ ሁለቱ የፊት አሠራሮች በጻፈችው ዐረፍተ ነገር አጠገብ፣ ህዳጉ ላይ፣ በራሱ እጅ ለገልባጩ የተጻፈ ትእዛዝ አለ፤ «ይህን እንዳለ ወደ መጽሐፌ አስገባ።» በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ደግሞ ለራሱ ብቻ እንደሚያወራ ሰው፣ «ግሩም ነው። ከሴት መሆኑ ያሳዝናል» ብሏል።

ካነበበችው ሁሉ ይቺ የመጨረሻዋ ናት ያንገፈገፈቻት። ንቆት ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ወዶት ነው የሰረቃት፤ ልክ ያንን ጨጓራ እንደወደደው፣ ጣቱን እየመጠጠ።

«ብረቱ ጋለ?» አለ መሴር ላታንዚዮ።

«ጋለ። እንዴት ላድርገው?»

«ጭምድድ የሚባል አልፈልግም። ቅርፊቱንም አጥፊው። የአንገቱን እጥፋት፣ ከዓይኑ ሥር ያለውን፣ አገጩን... ንጹሕ ይሁን።»

ያለውን አደረገች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ብረቱ ባለፈበት ሁሉ ሰሙ ላብ አወጣ፣ ረጋ፣ አበራ። እጥፋቱ ሄደ፣ ቅርፊቱ ሄደ፣ ሽብሽቡ ሄደ፤ በኋላ አፍንጫውም ከጉንጩ ጋር ለዘብ ብሎ ተስማማ። ሲያልቅ ካባው ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል ቆሟል። አጎቱ ይሁን የአጎቱ አሽከር፣ ጳጳስ ይሁን ዳቦ ጋጋሪ፣ የወለደችው እናት ብትመጣ አትለየውም።

መሴር ላታንዚዮ ዙሪያውን ዞረው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይሄ ነው!» አለ። «አሁን እኔን ሆነ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ናስታጆ ከቤተ ክርስቲያን እየሳቀ ተመለሰ። ቴባልዶ ለመምህሩ ክብር ያመጣውን ትልቅ ሻማ የመምህሩ መስሎት በአንድ የፕራቶ ከተማ ነጋዴ ምስል ሥር አብርቶ፣ ተንበርክኮ ሲያነባ ነጋዴው ራሱ መጥቶ ምን ሆንክ ብሎ አንሥቶታል። ድያኖራ ገበታው ላይ ተቀምጣ ነበር። አልሳቀችም።

ደብተሩ ፊቷ ተዘርግቷል፤ በእጇ የሻማ ክር መቁረጫ መቀስ ይዛለች። ህዳጎቹን ሁሉ ልትቆርጣቸው ነው፤ የእሱን ጽሕፈት፣ የእሱን ስብ፣ የእሱን አውራ ጣት። ቆርጣ ከሰሙ ማሰሮ ሥር ልታነዳቸው ነው። መቀሱ ትእዛዙ የተጻፈበትን ህዳግ ጥርሱ ውስጥ አስገብቷል። እዚያ ላይ እጇ ቆመ።

«ይህን እንዳለ ወደ መጽሐፌ አስገባ።» የእጅ ጽሑፉን በፍሎረንስ የማያውቅ ገልባጭ የለም። ሰውየው ጽፎት ረስቶታል፤ የበላውን ሁሉ እንደሚረሳው። የእሷ እጅ ብቻውን ቢቀር «ከመጽሐፉ ገልብጣ ነው» ይላሉ። የእሷ እጅ ከሱ እጅ አጠገብ፣ ስርዙ፣ ትእዛዙ፣ የወይኑ ክብ፣ የጨጓራው መረቅ፣ ይሄ ሁሉ ባለበት ግን ምን ይላሉ? ደብተሯን ንጹሕ ካደረገችው ማስረጃዋን ታጣለች። ይዛው መሄድ ያለባት ከነእድፉ ነው።

መቀሱን አስቀመጠች። ሊቁ የነካካውን ገጽ ሁሉ ስለነካች እጇን በአመድ አጠበች፤ አሸተተችው፤ እንደገና አጠበች።

«ወዴት ነው ደግሞ?» አለ ናስታጆ ነጠላ ጫማዋን ስትፈልግ አይቶ።

«ወደ አታሚው።»

«ያ የተበላሸ ወረቀት የሚሸጥልን?»

«እሱ ዘንድ። ገና ያልተበላሸ ይዤለት ልሂድ።»

ደብተሩን በሁለት ጣቷ፣ ከቀሚሷ አራርቃ ያዘችውና ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ ወጣች።